የበጉ ገንዘብ ለዴስክቶፕ ይዋል ወይስ ለላፕቶፕ?

ጤና ይስጥልን። በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር የማስተምረው በጠመኔ ነው፤ ኪቦርዱን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ልጆቹም የመንዝ ብርድ ያደነዘዘውን ጣታቸውን ከጋቢ ሥር አውጥተው ደብተር ላይ በሣሉት ቁልፍ ይለማመዳሉ።

ወላጆች በግ ሸጠው፣ አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆችም አዋጥተው የ10 ያገለገሉ ዴስክቶፖች ዋጋ ሞላ። መብራት ግን አልደረሰንም። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ሲፈልግ ላፕቶፕ ከ30 እስከ 60 ዋት ይበቃዋል። ስለዚህ በዚያው ብር 5 ላፕቶፕና ሶላር እንግዛ አልኩ። ኮሚቴው «ቁጥሩ ሲያንስ ያዋጣው ሰው ምን ይለናል?» ብሎ ያዘኝ። አልፈርድባቸውም፤ በጉን የሸጠ ይጠይቃል።

ሶላር ያስተከላችሁ መምህራን፣ ለ5 ላፕቶፕ ስንት ዋት ፓኔልና ምን ዓይነት ባትሪ ገዛችሁ? ላዋጡት ሰዎችስ እንዴት አስረዳችሁ?