«የመረጠው የራሳችሁ ጣት ነው»

የማታ ወፍ፦ ትናንት የትኛው ፖስት ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚታየን የሚወስነውን የማኅበራዊ ሚዲያ ቀመር ስናማ፣ ኮድ ጸሐፊ እዚሁ «አልጎሪዝሙን አትሳደቡ፤ የመረጠው የራሳችሁ ጣት ነው» ብሎ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ጓደኛዬ እናቷ ማረፋቸውን የጻፈችው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው ፊዴ ላይ፣ ፖስቶች ተደርድረው በሚታዩኝ ገጽ፣ የመጣው። ከላዩ ግን የማላውቃቸው ሰዎች ሲሰዳደቡ ነበር። ጣቴ ይህን መቼ መረጠ?

ኮድ ጸሐፊ፦ ነፍስ ይማር። ግን ስድቡን ከፍተሽ አላነበብሽም? መልስ አልጻፍሽም? ማንም አላስገደደሽም።

የማታ ወፍ፦ ተናድጄ ነው የጻፍኩት! ንዴትን ከፍቅር መለየት ያቃተው ነገር ስለ ምርጫዬ ምን ያወራል?

ዝም ባይ፦ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለተናዳጇ ኢሞጂ የላይክን አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ እንደነበር ሾልከው የወጡት ሰነዶች አሳይተዋል። በ2020 ዜሮ አስገቧት። ያን ዓመት ጣታችን ተቀየረ እንዴ?

ኮድ ጸሐፊ፦ ግማሹን አትደብቅ። ለልቧም፣ ለሳቋም፣ ለእንባዋም ያው አምስት ነበር።

ዝም ባይ፦ እሺ፣ ለሁሉም። «አምስት ይሁን» ያለው የማን ጣት ነው?

ተራ ጠባቂ፦ ምን አስጨነቃችሁ? በሰዓቱ ይደርድሩልን። አዲሱ ከላይ፣ የቆየው ከታች። አለቀ።

ኮድ ጸሐፊ፦ አለቀ? ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ የሚለጥፈው ሰውዬ ከላይ ይነግሣል፤ አልፎ አልፎ የምትጽፈው ጓደኛህ ትሰምጣለች። ደግሞ ተሞክሯል እኮ። በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ተመራማሪዎች የፈቃደኞችን ፌስቡክና ኢንስታግራም በሰዓት ቅደም ተከተል አደረጉላቸው። ውጤቱ በ2023 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ከማይታመን ምንጭ የሚመጣው ወሬ ጨመረ። አፑ ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ቀነሰ።

ተራ ጠባቂ፦ ጊዜው ቀነሰ! ለካ የሚያስፈራችሁ እሱ ነው።

የማታ ወፍ፦ ፌስቡክ ላይ ስድቡም ቀንሷል፣ በዚያው ጥናት። እሷን ለምን ዘለልካት?

ኮድ ጸሐፊ፦ የሰዎቹ የፖለቲካ ጽንፈኝነት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እሷንስ አንቺ ለምን ዘለልሻት?

ባለ ድምፅ፦ እንደ ድሮው ሬዲት፣ ሰዉ ለየፖስቱ የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ድምፅ እንደሚሰጥበት ድረ ገጽ፣ በድምፅ ይሁን። ያኔ ቀመሩ በግልጽ ወጥቶ ያየነው ነው። የመጀመሪያዎቹ አስር ድምፆች ከቀጣዮቹ ዘጠና ጋር እኩል ይመዝኑ ነበር። ከአዲሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከግማሽ ቀድሞ የተለጠፈ ፖስት አዲሱን ለመስተካከል አስር እጥፍ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ግልጽ ሒሳብ፣ ስለላ የለበት።

ዝም ባይ፦ እና ቀድመው የደረሱ አስር ሰዎች ይንገሡብን? በ2013 እዚያው «ሳይንስ» ላይ የወጣ ሙከራ አለ። አስተያየቶችን በዕጣ መርጠው፣ ገና ሲለጠፉ አንድ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሰጧቸው። የመጨረሻ ነጥባቸው በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። አንድ ጣት፣ እሱም የውሸት!

ባለ ድምፅ፦ የውሸቱን የተቃውሞ ድምፅ ግን ሰዉ ራሱ አርሞታል። ጨርሰህ አንብብ እንጂ ወንድሜ።

ዝም ባይ፦ ጨርሻለሁ። ሬዲትህን ስለነካሁብህ ነው አይደል?

ተራ ጠባቂ፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ትልልቆቹ መድረኮች የሰውን ባህርይ ሳያጠኑ የሚደረድሩበት አንድ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ያለ ምክንያት ይመስልሃል ኮድ ጸሐፊ?

ኮድ ጸሐፊ፦ አማራጩ አለ። ማን ይነካዋል? አሁንም ጣታችሁ።

የማታ ወፍ፦ ቀብራችሁት ማን ያግኘው! ኢንስታግራም በ2022 የሰዓቱን ቅደም ተከተል ሲመልስ ቋሚ ማድረግ አይቻልም ነበር። አፑን ስትከፍት ያው የነሱ አደራደር ይመጣ ነበር። በል ንገረን፣ ደሞዝህን የሚከፍልህ ማነው?

ኮድ ጸሐፊ፦ የሐኪም ቤት ወረፋ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ይብቃሽ?

ባለ ድምፅ፦ ወረፋውን በምንድን ነው የምታሰልፉት?

ኮድ ጸሐፊ፦ በሕመሙ ክብደት፤ ሐኪሙ አይቶ።

የማታ ወፍ፦ ብዙ በጮኸው አይደለም?

ኮድ ጸሐፊ፦ አይደለም።

የማታ ወፍ፦ ከትናንት ጀምሮ ምን እያልንህ ነው ታዲያ?

ኮድ ጸሐፊ፦ እና ለአፑ ሐኪሙ ማን ይሁን? አንቺ?

ተራ ጠባቂ፦ እኔ በሰዓቱ ይሁን ብያለሁ።