ልጄ የያዘው ዓሣ ቆሮሶ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ቨርጂኒያ በርክ ሐይቅ ላይ ልጄ በምድር ትል አንድ ዓሣ ያዘ። መዳፌን ያክላል፤ ጎኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ጀርባው እሾህ አለው። ከጉንጩ ኋላ ጆሮ የመሰለ ጥቁር ነገር አለ። ደረቱ ብርቱካናማ ነው። የዝዋይን ቆሮሶ መሰለኝ። ምን ይሆን? ይበላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆሮሶ አይደለም። ቆሮሶ ብርድ አይችልም፤ የእዚያን አገር የጥር ውሃ አይቋቋመውም። ይሄ ሰንፊሽ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ወገን ነው። ጆሮው ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አለ?

ጠያቂው፦ የለም። እስከ ጫፉ ጥቁር ነው።

ሌላ መልስ፦ እንግዲያው ፓምፕኪንሲድ የሚባለው አይደለም፤ ቀይ ነጥብ ያለው እሱ ነው። ብሉጊል ይመስለኛል። ለማረጋገጥ እጅህን አርጥብና ያዘው። እሾሁ እንዳይወጋህ ከራሱ ወደ ጭራው እያስተኛህ ዳብሰው። ከዚያ የጀርባውን ክንፍ ዘርጋ። ከእሾሁ ኋላ ባለው ለስላሳ ክፍል፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ፈልግ። አፉንም እይ። ግሪን ሰንፊሽም ነጠብጣቡ ይኖረዋል፤ አፉ ግን ትልቅ ነው። የብሉጊል አፍ ትንሽ ነው፤ ዓይኑ ሥር አይደርስም። ቀለሙን ብዙ አትመን፤ እንደ ውሃውና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል።

ጠያቂው፦ ነጠብጣቡ አለ! አፉም ትንሽ ነው።

መልስ፦ በቃ፣ ብሉጊል ነው። የደረቱ ቀለም ደግሞ በመራቢያ ጊዜ ያለ ወንድ መሆኑን ይጠቁማል። ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ የወደቀ ዛፍ፣ የጀልባ ማቆሚያ ሥር ፈልጉት። ነፍሳት፣ እጭና ቀንድ አውጣ ይበላል። ከግንቦት ጀምሮ ዳር ዳሩን አሸዋው ላይ ሰሃን የመሰሉ ጉድጓዶች ተጠጋግተው ታያላችሁ። ጎጆው ነው። ወንዱ በጭራው ይጠርገዋል፤ እንቁላሉንም የሚጠብቀው እሱ ነው። እሱን ከወሰዳችሁት ሌሎች ዓሦች እንቁላሉን ይጨርሱታል። እባካችሁ፣ ከጎጆ ላይ የተያዘውን መልሱት።

ሌላ መልስ፦ ይበላል፣ ይጣፍጣልም። ግን ስለዚያ ሐይቅ ዓሣ ግዛቱ ያወጣው የጤና ማሳሰቢያ ካለ መጀመሪያ አንብብ። ዕድሜህ 16 ከሞላ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ደግሞ ልጁ ዓሣውን ከነሕይወቱ ወስዶ ሌላ ኩሬ ውስጥ እንዳይጨምረው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሜሪካ የገባው ብሉጊል ተስፋፍቶ የአገሩን ዓሦች እየበላ አስቸግሯል፤ ዛሬ እዚያ በሕይወት ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ነው።