ለሰብዉፈር ውድ ኬብል ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ጠያቂ፦ ሰብዉፈሬ (የቤዙ፣ የወፍራሙ ድምፅ ስፒከር) ከሪሲቨሩ (ድምፁን ከሚያከፋፍለው ማጉያ) 6 ሜትር ያህል ይርቃል። ሻጩ «የሰብዉፈር ኬብል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካልገዛህ ቤዙ ይሞታል አለኝ። ዋጋው ደግሞ የሰብዉፈሩን ሩብ ያህላል! ተራ አርሲኤ (የተለመደውን ባለ አንድ ፒን የድምፅ ገመድ) ብገዛ ምን ይጎድልብኛል?

ባለ ብየዳ፦ ምንም። በዚያ መስመር የሚያልፈው የኤልኤፍኢ ቻናል (የፊልሙ ጥልቅ ቤዝ ብቻ የሚሄድበት) ከ120 ኸርዝ አይዘልም። ረጅም ኬብል ከበላም የሚበላው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ቤዙን አይነካም። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ (ቀጭኑን ድምፅ የሚበላው ባሕርይ) ያለው ኬብል 10 ሜትር ቢረዝምና የሪሲቨሩ መውጫ ሬዚስታንስ (ለከርንት ያለው እንቅፋት) 1 ኪሎኦም ቢሆን፣ ድምፁ በ3 ዲሲቤል የሚቀንሰው 159,000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ነው። የሰው ጆሮ 20,000 ላይ ያበቃል።

ጆሮ ይፍረድ፦ እናንተ ስታሰሉ እኔ ሰምቻለሁ። ውዱንና ወፍራሙን ኬብል ስሰካ ቤዙ ጠበቅ አለ።

ባለ ብየዳ፦ ለመሰካት ሰብዉፈሩን ከግድግዳው ፈቀቅ አላደረግከውም? እሱ ብቻውን ቤዙን ይቀይረዋል።

ጆሮ ይፍረድ፦ እሺ፣ ይሁንልህ። ግን ርካሹ ሌት ተቀን «እምምም» ይል ነበር፤ ውዱ ሲገባ ጠፋ። ይህንንስ በምን ታስተባብላለህ?

ታዛቢዋ፦ እዚህ ላይ እውነት አለው። በአርሲኤ ኬብል ውጪውን የከበበው ሺልድ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የምልክቱ መመለሻ መንገድም ነው። ሪሲቨሩና ሰብዉፈሩ በየራሳቸው ሶኬት ኤርዝ ሲያገኙ፣ በኤርዞቹ መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት በሺልዱ ውስጥ ከርንት ያስኬዳል። ሺልዱ ሬዚስታንሱ ከፍ ካለ ያ ከርንት ቮልቴጅ ይፈጥርና የመብራቱ 50 ወይም 60 ኸርዝ ከነብዜቶቹ ከፊልሙ ድምፅ ጋር ይደመራል። ሰብዉፈር ደግሞ የተሠራው ይህንኑ ለማጉላት ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚያወጣው ሺልዱ ጥቅጥቅ ያለ የመዳብ ሹሩባ መሆኑ ነው። ወርቅ ቅቡ፣ በገመዱ ላይ የተሳለው ቀስት፣ የሚያምረው ካርቶን ዋጋ ለመጨመር ነው።

ባለ ብየዳ፦ በዚህ ተስማምቻለሁ። ሹሩባው መዳብ የሆነ 75 ኦም ኮአክሲያል (መሃል ሽቦውን ሺልድ የከበበው ገመድ) ቆርጦ ሁለት ስፒና መበየድ ከሁሉም ይረክሳል። የቲቪ አንቴና ገመድ ግን ብዙውን ጊዜ ሺልዱ የአሉሚኒየም ፎይልና ሳሳ ያለ የአሉሚኒየም ሹሩባ ነው። ድምፁ ያልፋል፤ እምታ ካለ ግን አይረዳም።

ጠያቂ፦ ብየዳ አልችልም። ቤት ውስጥ የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ቢጫ የቪዲዮ ገመድ አለ።

ታዛቢዋ፦ እሱም 75 ኦም ኮአክሲያል ነው ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ከደረሰልህ ሰካው። «ዲጂታል ኮአክሲያል» ተብሎ የሚሸጠውም ያው ነው።

ጠያቂ፦ የሰብዉፈሩ መግቢያ ግራና ቀኝ ሁለት ነው። ማከፋፈያ ልጨምር?

ባለ ብየዳ፦ ኤልኤፍኢ የሚል ካለ እዚያ ላይ አንዱን ብቻ። ማከፋፈያው በብዙዎቹ ድምፁን እስከ 6 ዲሲቤል ከፍ ያደርጋል እንጂ ሌላ አይጨምርም፤ የሰብዉፈሩን የድምፅ ቁልፍ ማዞር ይበቃል።

ጆሮ ይፍረድ፦ እምታው ከመጣስ? ያኔ ውዱን ይግዛ?

ታዛቢዋ፦ መጀመሪያ ሪሲቨሩንና ሰብዉፈሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰካ። ካልጠፋ የአንቴናውን ወይም የዲሹን ገመድ ከሲስተሙ ይንቀል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። የኤርዙን ጥርስ መቁረጥ የሚመክር ካለ አትስሙት፣ ሰው ይገድላል። እምታ ማጥፊያ ትራንስፎርመርም አለ፤ ርካሹ ግን የመጨረሻውን ጥልቅ ቤዝ ይዞ ይቀራል።

ጠያቂ፦ የሰብዉፈሬ የመብራት ስፒና ባለ ሁለት ጥርስ ነው፣ ኤርዝ የለውም።

ባለ ብየዳ፦ ታዲያ ሉፑ (ያ ከርንት በኤርዞቹ በኩል የሚዞርበት ክብ) በሱ በኩል የሚዘጋበት መንገድ የለም። ርካሹን ግዛ፤ የኬብሉ ስፒና ብቻ አይላላ፣ ከመጠን በላይም አይጥበቅ። እነዚያ ከባድ ጠብቀው የሚይዙ ስፒናዎች ሲነቀሉ መግቢያውን ነቅለው ይወጣሉ።

ጆሮ ይፍረድ፦ ይግዛ። መመለስ ይቻል እንደሆነ ግን ቀድሞ ይጠይቅ።