ሙጃንና ሰርዶን በአገር በቀል ተክል ማፈን ይቻላል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ አጥር ሥር፣ 5 ሜትር በ2 ሜትር መደብ። ፀሐይ ሙሉ ቀን ያገኘዋል፤ አፈሩ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው። ክረምት ሲገባ ሙጃና ሰርዶ የሚባሉት የሳር አረሞች ይውጡታል። መድኃኒት መርጨት አልፈልግም። ዳማከሴ፣ ኮሰረትና ጦስኝ አጠጋግቼ ብተክል ያፍኑልኛል? ስንት ችግኝ፣ በምን ያህል ርቀት?

መልስ 1፦ ሙጃውን አዎ፤ ሰርዶውን ግን መጀመሪያ ካላወጡት አይሆንም። ሙጃ በየዓመቱ ከዘር ነው የሚነሳው፤ ቡቃያው ጥላ ከወደቀበት ይቀጭጫል። ሰርዶ ግን ስንቁ መሬት ውስጥ ነው። ከጦስኝ ጋር አንዴ ከተጠላለፈ ጦስኙን ሳይነቅሉ እሱን መንቀል አይቻልም።

ግንቦት ላይ መሬቱ ሳይጨቀይ በመንሽ እየገለበጡ ነጩን ሥር ይልቀሙ። በዶማ አይከታትፉት፤ አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። የተለቀመው ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ በእጅ እስኪሰባበር ይድረቅ። ዝናብ ሲጀምር ሁለት ሳምንት ታግሰው የበቀለውን ከላይ ከላይ ብቻ ይኮትኩቱ። ጠልቀው ከቆፈሩ የተቀበረውን ዘር ወደ ብርሃን ያወጡታል።

መልስ 2፦ አተካከሉን በተመለከተ፦ ከአጥሩ 50 ሳ.ሜ. ርቆ 5 ዳማከሴ በ1 ሜትር ልዩነት። ከፊቱ 8 ኮሰረት በ60 ሳ.ሜ.። ጠርዙ ላይ ሦስት ረድፍ ጦስኝ በ25 ሳ.ሜ.፣ ወደ 60 ችግኝ።

አስቸጋሪው ጦስኙ ነው። መረሬ ውሃ ስለሚቋጥር ሥሩ ይበሰብስና መሃሉ መላጣ ይሆናል፤ አረምም የሚገባው በዚያው ነው። የሱን ቦታ 20 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገው ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይቀላቅሉበት። በዳማከሴውና በኮሰረቱ መካከል 5 ሳ.ሜ. የጤፍ ገለባ ያልብሱ፤ ግንዱን አያስነኩት። ጦስኙ ላይ ግን ገለባ አይሁን፣ ያሻግተዋል።

እባክዎ ጦስኙን ከተራራ ከነሥሩ ነቅለው የሚያመጡ ሰዎችን አይግዙ፤ ተራራው እየተራቆተ ነው። ከጓሮ ተክል 10 ሳ.ሜ. ቅርንጫፍ ቆርጦ አሸዋ ላይ ማስነሳት ይቻላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ከመደቡ ጎን ግን ሳር አለ፤ እሱም ሰርዶ ነው።

መልስ 1፦ እንግዲያው በመካከላቸው 20 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር፤ ሲሻገር ወዲያው ይታያል፣ በየሳምንቱም ይቆረጣል። ያለዚህ ሥራው ሁሉ በአንድ ክረምት ይፈርሳል።

መልስ 3፦ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ተክሉ ገና ስላልተገጣጠመ በየ10 ቀኑ ማረም የግድ ነው። ክፍተቱ ላይ ሰኔ ውስጥ የአደይ አበባ ዘር ይበተን፤ ሲደርቅ አይነቀል፣ ከሥሩ በመቀስ ይቆረጥ፣ አፈሩ እንዳይገለበጥ። ዳማከሴውም ካልተገረዘ ወደ ላይ ይመዘዝና ሥሩ ይራቆታል። ከመስከረም በኋላ ሲሶውን ቁረጡለት፤ ከታች ያቆጠቁጥና መሬቱን ይሸፍናል።