ዳታቤዝ ፈጠርኩ ብዬ ነበር፣ ፓይተን ግን አልገናኝ አለኝ

ጀማሪ_ኮደር፦
ሰላም ጓዶች፣ እስካሁን ዳታ የማስቀምጠው በቴክስት ፋይል ነበር፣ አሁን ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም እየሰራሁ ስለሆነ ወደ ዳታቤዝ ልግባ ብዬ ፖስትግሬስ ጫንኩ። ተርሚናል ላይ ከፍቼ ክሪኤት ዳታቤዝ ላይብረሪ ብዬ ኢንተር ስመታ ኤረርም የለ ምንም የለ፣ ዝም ብሎ ቀጣዩ መስመር ላይ ይወርዳል። ተፈጥሯል ብዬ ከፓይተን ልገናኝ ስል ደግሞ "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" ይለኛል። ሆስት ሎካልሆስት፣ ፖርት 3306፣ ዩዘር ፖስትግሬስ፣ ፓስወርዱ ትክክል ነው ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ፋየርዎሉን አጥፍቼም ያው ነው። ወይስ ለጀማሪ ሌላ ዳታቤዝ ይሻላል?

የሌሊት_ሺፍት፦
ፋየርዎሉን መልሰህ አብራው፣ እሱ ምንም አላደረገህም 😄 ፖርት ማለት ፕሮግራሙ ግንኙነት የሚቀበልበት የበር ቁጥር ነው፣ 3306 ደግሞ የማይኤስኪውኤል (የሌላ ዳታቤዝ) ፖርት ነው፣ ፖስትግሬስ ካልቀየርክለት 5432 ላይ ነው የሚያዳምጠው። የሆነ የማይኤስኪውኤል ቲቶሪያል ላይ ያለውን ኮድ ገልብጠህ መሰለኝ።

ኤረሩን ቃል በቃል አንብበው፣ የት ጋ እንደቆምክ ራሱ ይነግርሃል። ሪፊውዝድ ካለህ እዛ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም፣ ስለዚህ ፓስወርድህን ገና ማንም አላየውም። "ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ፌይልድ" ካለህ እንደውም ደስ ይበልህ፣ ሰርቨሩ ጋ ደርሰሃል። ቆይቶ ቆይቶ "ታይምአውት" ሲል ነው ፋየርዎል የሚጠረጠረው። "ዳታቤዝ ደዝ ኖት ኤግዚስት" ካለ ደግሞ ፓስወርዱም አልፏል፣ የጠራኸው ስም ነው የሌለው። ፖርቱን ስታስተካክል ይሄኛው እንደሚመጣብህ ከአሁኑ እነግርሃለሁ።

ሰብለ_ዴቭ፦
ይመጣበታላ፣ ዳታቤዙ መቼ ተፈጠረና! መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን አላደረግክም። መስመሩ መጀመሪያ ላይ =# የነበረው ወደ -# ተቀይሮ ነበር አይደል? ትእዛዙን እስክትጨርስ እየጠበቀህ ነው። ; ብቻ ጽፈህ ኢንተር ምታ፣ "ክሪኤት ዳታቤዝ" ብሎ ይመልስልሃል። ደጋግመህ ጽፈኸው ከነበረ ሁሉንም እንደ አንድ ትእዛዝ አንብቦ ሲንታክስ ኤረር ይልሃል፣ ግድ የለም፣ እንደገና አንዴ ጻፈው።

ሌላው ደግሞ ፕሮግራምህ ፖስትግሬስ በሚለው ዩዘር ባይገባ ይሻላል፣ እሱ ሁሉን ቻይ ነው፣ አንድ የተሳሳተ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትእዛዝ) ሌላውን ዳታቤዝ ሁሉ ሊያጠፋብህ ይችላል። የራሱን ዩዘር ፍጠርለትና ዳታቤዙን ስትፈጥር ኦውነር ብለህ እሱን ስጠው። ከቨርዥን 15 ጀምሮ ተራ ዩዘር ፐብሊክ ስኪማ (ቴብሎች ካልቀየርክ የሚቀመጡበት ክፍል) ላይ ቴብል መፍጠር አይችልም፣ "ፐርሚሽን ዲናይድ" ይላል፣ የዳታቤዙ ባለቤት ከሆነ ግን ችግር የለውም። የድሮ ቲቶሪያሎች ይሄን አይነግሩህም።

ቀላሉ_መንገድ፦
ይሄ ሁሉ ለአንድ የመጽሐፍ መዝገብ? ኤስኪውላይት ተጠቀም ወንድሜ፣ ሰርቨር የለ ፖርት የለ ፓስወርድ የለ፣ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው፣ ፓይተን ራሱ ይዞት ይመጣል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። የፋይሉን ፓዝ ከተሳሳትክ ኤረር አይሰጥህም፣ እዛው አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥርና በኋላ "ኖ ሳች ቴብል" እያለ ያደነቁርሃል። ፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያያይዘው ደንብ) ደግሞ ራስህ በፕራግማ፣ ማለትም በኤስኪውላይት የማስተካከያ ትእዛዝ፣ ካላበራኸው አይሰራም፣ በሌለ አባል ስም መጽሐፍ ብትመዘግብ ዝም ብሎ ይቀበልሃል።

ሰብለ_ዴቭ፦
@ቀላሉ_መንገድ ለብቻው ከሆነ እስማማለሁ፣ ብዙ ሰው ከተለያየ ኮምፒውተር ከገባበት ግን ፖስትግሬስ ይሻላል፣ ደሞ አሁን ጭኖታል።

ጀማሪ_ኮደር፦
ኧረ ተባረኩ!! ሴሚኮለኗም ፖርቱም ነበሩ፣ አሁን ገባሁ። አንድ ግን፣ በፓይተን ኢንሰርት አድርጌ (ዳታ አስገብቼ) እዛው ሴሌክት ሳደርግ (ሳነበው) ይታየኛል፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍት ቴብሉ ባዶ ነው??

የሌሊት_ሺፍት፦
ኮሚት አላደረግክም፣ ማለትም የጻፍከውን አጽድቀህ በቋሚነት አላስቀመጥክም። ፓይተንን ከፖስትግሬስ የሚያገናኘው ላይብረሪ (ዳታቤዝህን ማለቴ አይደለም) ራሱ ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብረው የሚጸድቁ ወይም የሚሰረዙ ትእዛዞች ጥቅል፣ ይከፍትልሃል፣ ኮኔክሽኑ ላይ ኮሚት ሳትል ከዘጋኸው የጻፍከው ሁሉ ይሰረዛል። እግረ መንገድህን፣ ኢንሰርቱ ውስጥ የሰው ስም በፕላስ እየቀጠልክ ከሆነ ተወው፣ ቫልዩውን ለብቻው በፓራሜትር አሳልፍ። አለበለዚያ ነጠላ ጥቅስ ያለበት ስም የገባ ቀን ኩዌሪው ይሰበራል፣ ተንኮለኛ ከገባ ደግሞ የራሱን ትእዛዝ ያስገባልሃል።