«ባዶ ወረቀት መሸጥ» ያልከው ሰውዬ ና እስኪ

ማታ አንባቢ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «የዛሬ የወጣቶች ልቦለድ ዓረፍተ ነገር ሰባብሮ ባዶ ወረቀት መሸጥ ነው» ብሎ ጽፎ ሰው ሁሉ ላይክ ሲያዘንብለት አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። የጄሰን ሬይኖልድስን ሎንግ ዌይ ዳውን አንብበኸዋል? 2017 የወጣውን? ወንድሙን የገደሉበት ልጅ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሸጉጦ ሊበቀል ሊፍት ውስጥ ይገባል፣ ሊፍቱ በቆመ ቁጥር የሞተ ሰው እየገባ ያናግረዋል፣ በቃ 60 ሰከንድ ገደማ ናት ታሪኳ። የተጻፈው በግጥም ነው። እስኪ በረጃጅም አንቀጽ ጻፈውና ያ የትንፋሽ መቆራረጥ ከተረፈልህ ንገረኝ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ መጣሁ። አንብቤዋለሁ። ከ300 ገጽ በላይ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። 300 ገጽ በአንድ ቁጭታ ካለቀ ግማሹ ነጭ ነበር ማለት ነው። ባዶ ወረቀት፣ እንዳልኩት።

ማታ አንባቢ፦ ነጭ ቢሆንስ? ልጁ የሚለው ሲጠፋው ዝምታውን በምን ይጻፍልህ፣ «ዝም አለ» ብሎ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ አዎ፣ «ዝም አለ»። ሁለት ቃል ነው። ወረቀትም ይቆጥባል።

ጥግ ወንበር፦ ሃሃሃሃ ገደልከኝ። ግን መጽሐፍ በኪሎ ነው እንዴ የምትገዛው? የቃል ብዛት ካረካህ መዝገበ ቃላት አለልህ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ግጥሙስ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሆን ብለው ስህተት የሚጽፉት ናቸው። ዘ ናይፍ ኦቭ ኔቨር ሌቲንግ ጎ የሚባለው ልቦለድ፣ 2008፣ ተራኪው ቶድ የሚባለው ልጅ በ«ሽን» የሚያልቀውን ቃል ሁሉ ጆሮው እንደሰማው ነው የሚያስቀምጠው። ቋንቋውን ገና እየለመደ ላለ አንባቢ መርዝ ነው።

ማታ አንባቢ፦ ልጁ እኮ ሳይማር ነው ያደገው! ያለበት ከተማ መጽሐፍ አቃጥለዋል፣ በደንብ ማንበብ እንኳን አይችልም፣ በጠራ ቋንቋ ቢተርክልህ ታምነው ነበር?

ፊደል ቆጣሪ፦ ያዝኩሽ። ማንበብ ካልቻለ ማን ነው የሚጽፈው? ልጁ እያወራ እኮ ነው። አፍ ስፔሊንግ የለውም! ስህተቱ የልጁ ሳይሆን የደራሲው የፓትሪክ ኔስ ነው፣ ለማሳመር ያደረገው።

ማታ አንባቢ፦ እሺ፣ ይቺ ትንሽ ይዛኛለች። ግን እዛ ከተማ የሰው ሐሳብ ለሁሉም ይሰማል፣ የሰዎቹ ሐሳብ ጩኸት ሆኖ በየፎንቱ ተደራርቦ ገጹን ሲሞላው ዓይንህ ራሱ ይረበሻል፣ እንደ ልጁ ማምለጥ ያምርሃል። ያንን በተራ ፊደል አምጣልኝ።

ጥግ ወንበር፦ ፊደል ቆጣሪ፣ «ስሕተት» በሐመሩ ሐ ነው። አንተ ሁለቴ በሃሌታው ጻፍከው። ለማሳመር ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ኪቦርድ ነው። ከርዕስ አትውጣ።

ጥግ ወንበር፦ አፍ ስፔሊንግ የለውም፣ ኪቦርድ ግን ጥፋት አለበት። ገባኝ።

የኋላ መደዳ፦ እስካሁን ሞንስተርን ያነሳ ሰው አለመኖሩ ገርሞኛል። የዋልተር ዲን ማየርስ፣ 1999። የ16 ዓመት ልጅ በግድያ ተከሶ ችሎት ተቀምጦ የራሱን ሕይወት እንደ ፊልም ስክሪፕት ይጽፈዋል፣ ካሜራው ቀረበ፣ ካሜራው ራቀ፣ መሃል መሃል ላይ በእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ። ስክሪፕት ደግሞ ሰውን ከውጭ ነው የሚያሳይህ፣ ስለዚህ ልጁ አለበት የለበትም የሚለውን አንተው ትፈርዳለህ። በ2000 የመጀመሪያውን የፕሪንትዝ ሽልማት (ለወጣቶች መጽሐፍ የሚሰጠውን) የወሰደው እሱ ነው። ቅርጹን አውጣና ምን እንደሚቀር እይ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሞንስተርን መቼ ነካሁ? ቅርጹ ሥራ ይሠራል። እኔ የምለው ኋላ የተግተለተለውን ነው። ሻተር ሚ የሚባለው ልቦለድ፣ 2011፣ ተራኪዋ ልጅ ሥራዋ ጽፎ መሰረዝ፣ ጽፎ መሰረዝ፣ የተሰረዘውን ከነመስመሩ ማተም። ደራሲዋ፣ ካልፈለግሽው ለምን ታሳትሚዋለሽ?

ማታ አንባቢ፦ ልጅቷ 264 ቀን ተቆልፎባት እኮ ነው! የገዛ ሐሳቧን ትፈራዋለች፣ ለዛ ነው የምትሰርዘው፣ ድፍረት ስታገኝ ስርዙ እየቀነሰ ይሄዳል። አላየህም?

ቀይ እስክሪብቶ፦ 40ኛው ገጽ ላይ ዘግቼዋለሁ።

ማታ አንባቢ፦ 40!! ሰዎች ሰምታችኋል? ከዛ በኋላ ያለው ለሱ ባዶ ወረቀት ነው በቃ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ይቺ ቆንጆ ነበረች። መልስ ግን አይደለችም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ወደ ስፔሊንጉ እንመለስና

ጥግ ወንበር፦ ቅድም የጻፍከውን ኤዲት እያደረግክ ነው? አየሁህ።