ኢትዮጵያን፣ ሕንድንና ናይጄሪያን በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ማነጻጸር፦ ከየት ልጀምር?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሐዋሳ ነኝ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። ርዕሴ «ፌዴራሊዝም በኢትዮጵያ፣ በሕንድና በናይጄሪያ» የሚል ነው። አማካሪዬ «በጣም ሰፍቷል፤ ሦስት አገር ጎን ለጎን መተረክ ንጽጽር አይደለም» አሉኝ። አገሮቹን መቀነስ አልፈልግም። እንዴት ላጥብበው? መረጃስ ከየት ላምጣ? ያለኝ አራት ወር ነው፤ ከኤክሴል ውጪ ሌላ ሶፍትዌር አልችልም።

ሐይቅ ዳር፦
እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። «ፌዴራሊዝም» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። አገሮቹን ሳይሆን በሦስቱም ውስጥ ያለ አንድ አሠራር አነጻጽሪ። ሐዋሳ ከሆንሽ ደግሞ ጥያቄው ደጅሽ ላይ ነው፦ አዲስ ክልል እንዲፈጠር የሚፈቅደው ማነው?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3ን ተመልከቺ። ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተደግፎ ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ የክልሉ ምክር ቤት ሥልጣኑን ለጠያቂው ብሔር ያስረክባል፤ አዲሱ ክልል ማመልከቻ ሳያስገባ የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። የፌዴራሉ ፓርላማ ከደረጃዎቹ በአንዱም ድምፅ አይሰጥም።

ሕንድ ተቃራኒው ናት። በአንቀጽ 3 መሠረት ፓርላማው በተራ አብላጫ ድምፅ ግዛት ይከፍላል፣ ያዋህዳል፣ ወሰን ይቀይራል። የሚነካው ግዛት ምክር ቤት አስተያየት ይጠየቃል እንጂ ማገድ አይችልም። የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ምክር ቤት ቴላንጋናን ከግዛቱ ለመለየት የቀረበውን ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ውድቅ አደረገው፤ ፓርላማው በፌብሩዋሪ አጸደቀው፤ ጁን 2 ቀን ቴላንጋና ግዛት ሆነች። ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር አልነበረም።

ናይጄሪያ ላይ በሩ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 አካባቢውን ከሚወክሉ የሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶች፣ የግዛቱና የአካባቢ ምክር ቤቶች አባላት ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠይቃል። ከዚያ በሕዝበ ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ የአብዛኞቹ ግዛቶች ምክር ቤቶች ይሁንታ፣ በመጨረሻ በሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶች እንደገና ሁለት ሦስተኛ። በዚህ መንገድ ያለፈ አንድም ግዛት የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 12፣ በ1976 19፣ በ1987 21፣ በ1991 30፣ በ1996 36 ግዛቶች የሆኑት በወታደራዊ መንግሥታት ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ ንድፍሽ ይኸው ነው። ሦስቱም ብዙ ሕዝቦች ያሉባቸው ፌዴሬሽኖች ናቸው፤ የሚለያዩት ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው፤ ውጤቱም ይለያያል።

አቶቴ፦
ሐይቅ ዳር መሠረቱን አስቀምጦታል፤ እኔ የሚበላሸውን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ አንቀጽ 39ንና 47ን አትደባልቂ። 39 ንዑስ 4 የመገንጠል ሥርዓት ነው፤ እዚያ ሕዝበ ውሳኔ የሚያደራጀው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። ሁለቱም ላይ «ሁለት ሦስተኛ» ስለሚል ብዙ ጽሑፍ ላይ ሦስት ዓመቱ ወደ ክልል ምሥረታ ሲሻገር ይታያል።

ከሁሉም የሚጎዳው የተሳኩትን ብቻ መሰብሰብ ነው። ሲዳማንና ቴላንጋናን ብቻ ካስገባሽ ሁሉም ጥያቄ የሚሳካ ይመስላል። የወላይታን የ2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄ፣ ከሕንድ ደግሞ ያልተሳኩትን የቪዳርባንና የጎርካላንድን የግዛትነት ጥያቄዎች ጨምሪ። መቁጠር ያለብሽ የተፈጠሩትን ክልሎች ሳይሆን የቀረቡትን ጥያቄዎች ነው። የሕንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2019 ጃሙና ካሽሚርን ከግዛትነት ወደ ሁለት የማዕከላዊ መንግሥት አስተዳደሮች ማውረዱንም አትርሺ፤ ልደትን ብቻ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ህዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ክልሉ በይፋ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። በኛ አንድ ዓመት፣ በፈረንጆቹ ግን 2019 እና 2020። ሁለቱም ላይ በጅምላ 8 ከደመርሽ ሕዝበ ውሳኔው ወደ 2020 ይዘላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት በአንድ ቀን ይለያያል) 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሪ። ኤክሴል ላይ የኛን ቀን በጽሑፍ መልክ አስገቢው፤ ቀን ነው ካልሽው እንደ ፈረንጅ ያነበዋል፤ ጳጉሜን ግን 13ኛ ወር ስለሆነች ከነጭራሹ አይቀበላትም።

ተመራቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዴሞክራሲ መለኪያ ቁጥሮችስ አያስፈልጉኝም? ደግሞ የአንድ ዓመቱ ገደብ ሲያልፍ እንዴት ልመዝግበው?

ሐይቅ ዳር፦
ለዚህ ጥያቄ ዋና መረጃሽ ሕገ መንግሥቶቹ፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎችና የምርጫ ቦርድ ውጤቶች ናቸው። ለዳራ ያህል ከፈለግሽ በጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን ቪ-ዴም የተባለ የዴሞክራሲ መለኪያ በነጻ አውርጂ፤ ከ0 እስከ 1 ነው የሚለካው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የታችና የላይ ወሰን አለ፤ የሁለት አገሮች ወሰን ከተደራረበ «ይበልጣል» ብለሽ አትጻፊ። ፖሊቲ የተባለውን ሌላ መለኪያ ከተጠቀምሽ ልኬቱ ከ−10 እስከ +10 ነው፤ −66፣ −77 እና −88 ግን ውጤት ሳይሆኑ የመቋረጥና የሽግግር ምልክቶች ናቸው። አማካይ ውስጥ ከገቡ ሁሉንም ያዛቡታል።

ለገደቡ ሁለት ዓምድ ክፈቺ፦ «በሕግ የተፈቀደ ወር» እና «በተግባር የፈጀ ወር»። የሲዳማ ረድፍ ላይ የዞኑ ምክር ቤት ውሳኔ ሐምሌ 2010፣ ሕዝበ ውሳኔው ህዳር 2012፤ ስለዚህ 12 እና 16 ይጻፋል። ጊዜውን ከየትኛው ቀን እንደቆጠርሽ ከሠንጠረዡ ሥር አስፍሪ፤ ከዞኑ ውሳኔና ለክልሉ ምክር ቤት ከቀረበበት ቀን የሚነሳው ቆጠራ አንድ አይደለም። በሕንድ ረድፍ የመጀመሪያውን ዓምድ ባዶ ተዪው፤ 0 አታስገቢ። አንቀጽ 3 ፓርላማው ጥያቄውን እስከመቼ መወሰን እንዳለበት አያስገድድም፤ ገደብ አለመኖሩና ገደቡ ዜሮ መሆኑ የተለያየ ነገር ነው።